የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር፤ ብርታቱና ጉድለቱ

ስለ ፎርትራን በተነሣ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚባለው፥ ቋንቋው ድኻ እንደ ነበረና ኮምፓይለሩም የዚያ ድኻ ቋንቋ አገልጋይ እንደ ነበረ ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን እናየዋለን። ጆን ባከስና የሥራ ጓደኞቹ ለአይ.ቢ.ኤም. 704 ኮምፒዩተር ሠርተው በ1957 ያወጡት ተርጓሚ ከቋንቋው ይልቅ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ መመዘኛውን እንወስን። ባከስ በ1953 መጨረሻ ላይ አሳቡን ለአለቆቹ ሲያቀርብ የተከራከረው ስለ ገንዘብ ነበር፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ወጪ ከማሽኑ ወጪ ጋራ ይስተካከል ነበርና። ነገር ግን ቀመርን በቀመርነቱ የሚቀበል ተርጓሚ ቀድሞም ነበረ። በኤም.አይ.ቲ. ላኒንግና ዚየርለር የሠሩት እንዲህ ያለ ነበር፤ ዳሩ ግን ማሽኑን ዐሥር እጥፍ ያህል ያዘገየው ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «ማሽን የጻፈው ፕሮግራም ሰው ከጻፈው ጋራ አይወዳደርም» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እንግዲህ የፎርትራን ኮምፓይለር የሚመዘነው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ያወጣው የማሽን ትእዛዝ በብልኅ እጅ ከተጻፈው ጋራ ይቀራረባል ወይስ አይቀራረብም?

መልሱ ያስደንቃል። የ704 ኢንዴክስ ሬጅስተሮች ሦስት ብቻ ናቸው። በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ቍጥር በተጠራ ቍጥር አድራሻው በማባዛት ቢሰላ፥ ፕሮግራሙ በዝግታ ይሞታል። ኮምፓይለሩ ግን የዱ ዙሮችን መርምሮ፥ በየዙሩ መባዛት የነበረበት በአንድ መደመር እንዲያልቅ ያደርጋል። ይህን የሚያደርግበት ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው ነው። በመጀመሪያ ሬጅስተሮቹ ቍጥር የሌላቸው ይመስል ትእዛዙን በነጻነት ይጽፋል። ከዚያ ሎይስ ሃይብት የሠራችው አራተኛው ክፍል፥ ፕሮግራሙን በዕጣ ቍጥሮች እንደሚሮጥ አስመስሎ እያስኬደ የትኛው መንገድ አዘውትሮ እንደሚረገጥ ይቈጥራል። በመጨረሻ የሼልደን ቤስት ሥራ የሆነው አምስተኛው ክፍል፥ ያንን ቈጠራ ይዞ ቍጥር የሌላቸውን ሬጅስተሮች ወደ ሦስት ያወርዳቸዋል። ከባዱን ችግር ለሁለት ከፍሎ፥ በመጀመሪያ የሌለውን ሀብት እንዳለ ቈጥሮ፥ በኋላ ብቻ መቈጠብ! የዛሬ ኮምፓይለሮችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሥራው የ18 ሰው የአንድ ዓመት ድካም፥ ወደ 25,000 የሚጠጋ የማሽን ትእዛዝ ፈጅቷል፤ ለውጤቱ ብዙ ነው አንልም።

ጉድለቱም ከዚሁ ብርታት የተወለደ ነው። ባከስ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፥ ሠሪዎቹ እንኳ ኮምፓይለሩ ያወጣውን ሲያዩ የተሳሳተ እየመሰላቸው፥ ትክክል መሆኑን የሚረዱት ካጠኑት በኋላ ነበር። ሠሪው ከተደናገረ ተጠቃሚው ምን ይሁን? የጻፈው መሥመርና ማሽኑ የሚሠራው ትእዛዝ አይመሳሰሉምና፥ ስሕተቱን በማሽን ትእዛዝ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ጨለማ ውስጥ ይዳክራል። ፍሪኰንሲ የተባለው ትእዛዝም፥ ጸሐፊው የመንገዶቹን መዘውተር በግምት እንዲናገር የሚጠይቀው፥ ጥቅሙ እጅግ አጠራጣሪ ነበር፤ ሰው ስለ ራሱ ፕሮግራም የሚገምተው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለምና። ኋላም ከቋንቋው ወጥቷል።

ሌላው ጉድለት ከባድ ነው። ፕሮግራሙ ሁሉ ባንድ ላይ ይተረጐም ስለ ነበረ፥ አንድ ካርድ የለወጠ ሰው ሁሉንም እንደ ገና ማስተርጐም ነበረበት፤ ማሽኑም ሳይበላሽ ብዙ ሰዓት አይቈይም ነበር። ይህ በ1958 በፎርትራን ሁለት ለብቻቸው በሚተረጐሙ ንኡስ ፕሮግራሞች ተቃለለ።

ከሁሉ የምንወቅሰው ግን ኮምፓይለሩ ራሱ ሕግ መሆኑን ነው። የቋንቋው ትርጕም ከተርጓሚው ውጭ በጥብቅ አልተጻፈም፤ ተርጓሚው የተቀበለው ሁሉ ፎርትራን ነበር። በቋንቋው ውስጥ የ704 መብራቶችና ከበሮዎች ሳይቀሩ በትእዛዝነት ገብተዋል። ሌሎች ማሽኖች ያላቸው ሰዎች የማንን ቃል ይከተሉ? የአሜሪካ ስታንዳርድ የወጣው ገና በ1966 ነው። አልጎል 60 በአንጻሩ በመጀመሪያ በጽሑፍ ተደነገገ፤ የሚገርመው ደግሞ የሰዋስው አጻጻፉን ያቀረበው ያው ባከስ መሆኑ ነው።

የዚህን አደጋ በአንድ ነጥብ ማሳየት ይቻላል። ኮምፓይለሩ በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አይቈጥርም፤ ያልታወጀ ስምም ሳይጠይቅ ይቀበላል። «ዱ 10 አይ = 1,10» ብሎ የጻፈ ሰው ዐሥር ዙር ያዝዛል። በኮማው ፈንታ ነጥብ አድርጎ «ዱ 10 አይ = 1.10» ቢል ግን፥ ኮምፓይለሩ «ዱ10አይ» የሚባል አዲስ ስም ፈጥሮ 1.10 ይሰጠዋል፤ ዙሩም ዝም ብሎ ይጠፋል። በ1957 ሚያዝያ ኮምፓይለሩ በዌስቲንግሀውስ ቤቲስ ላቦራቶሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር አንድ ኮማ መጕደሉን አግኝቶ አስታውቆ ነበር፤ ጠቃሚነቱም በዚያው ተመሰከረለት። ኮማው ቀርቶ ነጥብ የገባበትን የዱ ካርድ ግን ያለ አንዳች ቃል ያሳልፈዋል።