አንዷ ጥይት ለማን ናት?

ማይክል ቺሚኖ በ1978 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ዘ ዲር ሀንተር» ያየ ሰው የሮበርት ደ ኒሮን ሕግ አይረሳም፤ አጋዘን መውደቅ ያለበት በአንድ ጥይት ነው። ሕጉስ ባልከፋ። ግን ለማን ሲባል? ሁለት የተኮሰ ወንድነቱ ይጠረጠራል እንጂ የአጋዘኑ ሥቃይ ከቁብ አልገባም።

ደህና አዳኝ እኮ ጥይት አይቆጥርም። አውሬው ጎኑን እስኪሰጠው ይታገሣል፤ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ልብና ሳንባው ያሉበትን ያልማል። ጭንቅላት ትንሽ ነው፤ ደግሞም አያርፍም። መንጋጋው የተሰበረ አጋዘን መብላት አቅቶት ይሞታል፤ ሆዱን የተመታው ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ይማቅቃል። ካልተመቸ አለመተኮስ ነው!

ፊልሙም ኋላ ላይ እዚህ ይደርሳል። ሰውዬው ከቬትናም ተመልሶ አጋዘኑን ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ ጥይቱን ግን ወደ ሰማይ ይለቃታል። ሕጉ የገባው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።