ድምፁ ከወዴት ነው? ስለ በርናርድ ሾው «ቅድስት ዣን»

በጸሎት ላይ የቆመ ሰው በልቡናው አንድ ቃል ሲሰማ፣ ቃሉ ከፈጣሪው የመጣ ይሁን ወይስ ከገዛ ምኞቱ የፈለቀ ለይቶ የሚያውቅበት መለኪያ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለሃይማኖት ሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም። ሰው ከራሱ ጋር የሚገጥመው ሙግት ከድራማ ምንጮች አንዱ በመሆኑ፣ ጸሐፌ ተውኔቱንም ይመለከታል። ጥያቄውን በመድረክ ላይ ፊት ለፊት ከተጋፈጡት ሥራዎች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1923 በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የበርናርድ ሾው «ቅድስት ዣን» አንዱ ነው።

ተውኔቱ የተመሠረተው በታሪክ ላይ ነው። ፈረንሳዊቷ የገበሬ ልጅ ዣን ዳርክ ከዐሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ድምፅ ከሰማይ ይመጣላት እንደነበር ለዳኞቿ ተናግራለች። በዚያው ድምፅ ታዝዛ ጦር መራች፤ ንጉሥ አስቀባች፤ በመጨረሻም ተማርካ ለእንግሊዞች ተሰጠችና በ1431 በሩዋን ከተማ በእሳት ተቃጠለች። ፍርዱ በ1456 ተሻረ፤ በ1920 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰየመቻት። ሾው ተውኔቱን ያቀረበው ከዚህ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ትዕይንት አዛዡ ሮቤር ደ ቦድሪኩር ድምፁ ከገዛ ምናቧ የመጣ መሆኑን ሲነግራት ዣን አትከራከረውም፤ የእግዚአብሔር መልእክት ወደ ሰው የሚደርሰው በዚሁ በምናብ በኩል ነው ብላ ትቀበለዋለች። በዚህች አጭር ምልልስ ምናብ ድምፁ የሚሰማበት ጆሮ ይሆናል። በአምስተኛው ትዕይንት ደግሞ ድምፁ ቀድሞ እንደሚመጣና ምክንያቱን በኋላ ራሷ እንደምታገኝለት ለዱኖዋ ትገልጽለታለች። ስንኝ ከየት እንደመጣለት ሳያውቅ ተቀብሎ፣ ምጣኔውንና ቤት አመታቱን በኋላ ለሚመረምር ገጣሚ ይህ ሁኔታ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ምናብ መንገድ ከሆነ፣ በዚያው መንገድ እውነትም ሐሰትም ሊጓዝ ይችላል። ሾው በመቅድሙ የሚሰጠው መለያ ዓለማዊ ነው፤ ምክሩ አስተዋይነት ያለበት ከሆነ ሰሚዋ ጤነኛ ናት ይላል። ይህ መለኪያ ለጦር አዛዥ ይበቃ ይሆናል፤ በእሳት ፊት ብቻዋን ለቆመች ልጅ ግን አይበቃም።

የተውኔቱ እውነተኛ ፈተና ያለው በስድስተኛው ትዕይንት ነው። ዣን እሳቱን ፈርታ በክህደት ሰነዱ ላይ ምልክቷን ታኖራለች፤ የዕድሜ ልክ እስራት እንደሚጠብቃት ስትሰማ ግን ወረቀቱን ትቀድደዋለች። ስለ ብርሃን፣ ስለ ሜዳና ስለ አዕዋፍ ዝማሬ ውብ ንግግር አሰምታ፣ እነዚህን ሊነፍጓት የሚሹት ሰዎች ምክር ከሰይጣን፣ የእርሷ ግን ከእግዚአብሔር መሆኑን ታውጃለች።

የችሎቱ መዝገብ ከዚህ ይለያል። በሜይ 24 ቀን ድምፆቿን ከካደች በኋላ፣ በ28ኛው ቀን ዳኞች ወደ ወኅኒ ቤት መጥተው ጠየቋት። ስለ እግር ብረቷ አማረረች፤ ሆኖም ከዚያ የከበደ ነገር ተናገረች። ሕይወቷን ለማትረፍ ስትል መካዷ ታላቅ በደል መሆኑን ቅድስት ካትሪንና ቅድስት ማርጋሬት እንደነገሯት መለሰች። ጸሐፊው መልሱ ለሞት የሚያበቃ መሆኑን በሕዳጉ ላይ አሰፈረ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ ያለው ድምፅ ሰሚዋን ይገሥጻታል፤ ወደምትሸሸው እሳት ይመልሳታል። የሾው ዣን ግን በዚያች ሰዓት የምትሰማው ልቧ አስቀድሞ የወደደውን ነው። ብላቴናው ሳሙኤል የሰማው ቃልም በአሳዳጊው በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ስለነበረ፣ ለመናገር መፍራቱን መጽሐፍ ቅዱስ ይተርካል። ምኞት ባለቤቱን ያባብላል እንጂ አይገሥጽም። እርግጥ ነው፣ ፍርሃትና ጸጸትም ሰውን ይገሥጻሉና ተግሣጽ ብቻውን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ለጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበረታ ግጭት ከወዴት ይገኛል?

ሾው ዳኞቹን እንደ ተራ ጨካኞች አለመሣሉ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ድምፅ ቢከተል ምን ይመጣል የሚለውንም ሥጋት በጳጳሱ በኮሾን አንደበት በክብር ማቅረቡ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ተግሣጹን ከመድረክ በማስወጣቱ፣ ተውኔቱ ለነፃነት የቀረበ ታላቅ ውዳሴ ሆኖ ሳለ በጸሎት ምስጢር ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ተውኔቱን ለመድረክ የሚያበቃ አዘጋጅ ጉድለቱን በከፊል ሊሞላው ይችላል፤ ወረቀቱ ከመቀደዱ በፊት ያለችውን ዝምታ ያርዝማት፤ ተመልካቹም ዣን ስታዳምጥ ይያት።