ልብሷ ያላረጀ ማጫወቻ

የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ አይፖድ ሚኒ በጃንዋሪ 2004 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ስትታይ መጀመሪያ የተነሣው ጉዳይ አሠራሯ ሳይሆን ዋጋዋ ነበር። 4 ጊጋባይት ለምትይዝ ማጫወቻ 249 ዶላር ተጠየቀ። በዚያው ቀን 15 ጊጋባይት የሚይዘው ትልቁ አይፖድ 299 ዶላር ተባለ። ሃምሳ ዶላር የጨመረ ሰው አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ቦታ የሚያገኝ ከሆነ ትንሿን ማን ይገዛል? ሒሳቡ ስሕተት የለበትም። ገዢው ግን በሒሳብ አልተመራም። ሱቅ ሳትደርስ ከ100,000 በላይ ትዕዛዝ መጣላት፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለው ፈላጊ ደግሞ እስከ ጁላይ ተራውን ጠበቀ። ውስጧ የምትገባው ትንሽ ሃርድ ዲስክ የፈላጊውን ያህል ልትመረት አልቻለችም ነበር።

እስካሁን ይዘዋት የሚዞሩ ሰዎች ስለሷ ሲያወሩ ጊጋባይት የሚያነሣ እምብዛም አይገጥመኝም። ወሬያቸው ስለ እጅ ነው። ኪስ ውስጥ እንዳለች፣ ሳያዩዋት ዘፈን እንደሚቀይሩባት፣ ስንት ጊዜ ወድቃ እንደተነሣች፣ ቀለሟ ዛሬም እንዳልለቀቀ ይናገራሉ። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንዲህ ሲወራ ብዙ አይሰማም። እኔም ከወሬኞቹ አንዱ ነኝ፤ ይህን ስጽፍ አረንጓዴዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ወገንተኛነቴ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ቁመቷ 91፣ ስፋቷ 51፣ ውፍረቷ 13 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 102 ግራም ትመዝናለች። አውራ ጣትዎን ፊቷ ላይ አሳርፈው በጎኗ በኩል ወደ ጀርባዋ ያዙሩት። ከዚያም በሌላው ጎን አድርገው ወደ ፊቷ ይመለሱ። ጥፍር የሚይዝ መጋጠሚያ አያገኙም፤ ምክንያቱም የለም። የሷ ገላ ሁለት ግማሽ ሆኖ ተሠርቶ የተገጠመ አይደለም። የጋለ አሉሚኒየም ቅርጽ በወጣለት ቀዳዳ በኃይል ተገፍቶ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ እንደ ማካሮኒ ይወጣል። ያ ረጅም ቱቦ በልኩ ይቆረጣል፤ ከዚያ ለስክሪኑ አራት ማዕዘን፣ ዘፈን ለሚመረጥበት መንኮራኩር ክብ መስኮት ይከፈትበታል። በዚያ ዘመን የነበሩትን ሌሎች ማጫወቻዎች ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። አብዛኞቹ ፊትና ጀርባቸው ሁለት የፕላስቲክ ቅርፊት ነበር፤ በወገባቸው ዙሪያ መስመር ይሄዳል፤ መስመሩ ውስጥ የኪስ ብናኝ ይገባል፤ ሲጫኗቸው ሲጥ ይላሉ። ይህችን በሁለት እጅ ጨምቀው ቢሞክሯት ድምፅ አትሰጥም።

ትልቁ አይፖድ ራሱ ከዚህ ችግር ነጻ አልነበረም። ፊቱ ነጭ ፕላስቲክ፣ ጀርባው እንደ መስተዋት የሚያበራ ብረት ነው። ያን ብረት ያጸዱት በጃፓን ኒጋታ ግዛት፣ ጹባሜ በምትባል ከተማ ያሉ የብረት አጽጂዎች ናቸው፤ ከተማዋ በማንኪያና በሹካ ሥራ የታወቀች ናት። ሥራቸው ዐይን ይይዛል። ግን ከሳጥኑ የወጣ ቀን ፊትዎን የሚያዩበት ጀርባ፣ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ጭረት በጭረት ይሆናል። ባለቤቶቹ ብዙ ያማረሩት በዚህ ነው። ያንን ያህል የባለሙያ ልፋት ገዢው ኪስ ውስጥ ቶሎ ለሚጠፋ ነገር ማዋል፣ ለእኔ፣ ለዐይን እንጂ ለእጅ አለማሰብ ነው።

ሚኒዋ ላይ ተቃራኒው መንገድ ተይዟል። ገላዋ አያበራም፤ ደብዘዝ ያለና ጣት ላይ ለስለስ ብሎ የሚይዝ ነው። ቀለሙ ደግሞ አልተቀባም። አኖዳይዚንግ በሚባለው ሥራ አሉሚኒየሙ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ያን ጊዜ የብረቱ ላይኛ ገጽ ወደ ጠንካራ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ኦክሳይዱ በዐይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ቀለሙ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰርጋል፤ መጨረሻ ላይ በሙቅ ውኃ ይደፈናሉ። ስለዚህ ቀለሙና ብረቱ የሚለያዩበት ንጣፍ የለም፤ የሚላጥ ነገር ስለሌለ አይላጥም። አረንጓዴዋን ወደ መስኮት አዘንብዬ ሳያት ከቀለሙ ሥር የብረቱ ብርሃን ይታያል፤ ቀለም የተቀባ ዕቃ ይህን ሊያስመስል ቢሞክርም አይሆንለትም። ኮንክሪት ላይ ወድቃ ጠርዟ ከተፋቀ ግን እዚያች ቦታ ላይ ነጩ አሉሚኒየም ብቅ ይላል፤ መልሶ የሚሸፍነው ቀለም አይገኝም። አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ ይሰረጎዳል። የተሰረጎደች ሚኒ ግን ስትሠራ ነው የማውቃት።

መጀመሪያ በአምስት ቀለም ወጣች፦ ብርማ፣ ወርቃማ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ። በፌብሩዋሪ 2005 ሁለተኛው ትውልድ ሲመጣ ወርቃማዋ ቀረች፤ ሮዟ፣ ሰማያዊዋና አረንጓዴዋ ደመቁ። ደማቆቹን የሚመርጥ ብዙ ነው። እኔ ፈዛዛዎቹን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ሲደምቅ ብረትነቱ ይደበቃል።

አሁን ወደ መንኮራኩሩ። በ2003 የወጣው ትልቁ አይፖድ ላይ አራቱ ቁልፎች ከስክሪኑ ሥር ተሰልፈው፣ መንኮራኩሩ ከነሱ በታች ለብቻው ነበር። ሚኒዋ ላይ ያ ሰልፍ የሚቀመጥበት ቦታ አልተገኘም። መፍትሔው ቁልፎቹን መንኮራኩሩ ሥር መደበቅ ሆነ። አንዱ ክብ ፕላስቲክ የጣትን መዞር ያውቃል፤ እሱኑ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ ወይም ከቀኝ ሲጫኑት ደግሞ ቁልፍ ይሆናል። ይህ በጽሑፍ ቀላል ይመስላል። በእጅ ሲይዙት ግን ሁለት ተቃራኒ ነገር እንደተጠየቀ ይገባዎታል። ለማዞር የተነካ ጣት ሳያስበው ቁልፍ እንዳይጫን መንኮራኩሩ ጠንከር ማለት አለበት፤ ለመጫን የመጣ ጣት ደግሞ እንዳይታገል ላላ ማለት አለበት። የሚኒዋ መንኮራኩር ሁለቱንም አክብሯል። ሲጫኑት የሚወርደው በጣም ጥቂት ነው፤ ግን የወረደበት ቅጽበት ጣት ላይ ቁርጥ ብሎ ይሰማል። ጣት ሲዞርበትም ከውስጧ ትንሽ የቲክ ቲክ ድምፅ ይወጣል። ድምፁ የመንኮራኩሩ አይደለም፤ ለዚሁ ተብሎ የተገጠመ ትንሽ ድምፅ ሰጪ ነው የሚያሰማው። ጆሮ ግን ይታለላል፤ ጣትም ከጆሮ ጋር አብሮ ይታለልና ጥርስ ያለው ነገር የሚያዞር ይመስለዋል።

መንኮራኩሩና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበትን ክብ ክፍተት ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ዙሪያውን አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፤ አንድ ወገን ጠብቦ ሌላው አልሰፋም። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ሲገጥም ይህ ያን ያህል አያስገርምም። ተቆርጦ የተከፈተ ብረት ውስጥ፣ በየቀኑ የሚጫኑት ተንቀሳቃሽ ነገር ሲሆን ግን የሠራተኛውን ልክ አዋቂነት ይናገራል። በሁለተኛው ትውልድ መንኮራኩሩ ላይ ያሉት ጽሑፎች ከገላዋ ጋር አንድ ቀለም ሆኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ግራጫ ነበሩ። እዚህ ላይ ለሁለተኛዎቹ እጅ እሰጣለሁ። አናቷ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ሲገፏት ከሥሯ ብርቱካናማ ብቅ ይላል፤ መቆለፏን ለማወቅ ስክሪን ማብራት አያስፈልግም። ጓንት ላጠለቀ ጣት ግን መንኮራኩሩ አይታዘዝም፤ ብርድ አገር ያሉ ባለቤቶች ይህን ቢያነሡባት እውነታቸውን ነው።

የማይደነቅ ነገርም አላት። አናቷና እግሯ ላይ ያሉት ነጭ የፕላስቲክ ክዳኖች የብረቱን ያህል አልተደከመባቸውም። የቱቦውን ሁለት አፍ መዝጋት ነበረባቸውና ዘጉት፤ በማጣበቂያ። ከሳጥኗ ጋር ይመጣ የነበረው ነጭ ኢርፎንም ይቅርታ የሚያሰጥ አይደለም፤ የማሲንቆን ወፍራም ድምፅ ይበላና ቀጭኑን ብቻ ያስቀራል። ሌላ ኢርፎን ሲሰኩባት ነው ጨዋታዋ የሚሰማው። የመጀመሪያዋ ባትሪ 8 ሰዓት ይቆያል መባሉም ብዙ ሰው አሳዝኗል፤ ከዓመት በኋላ ሁለተኛዋ 18 ሰዓት ይዛ መጣች፤ የ4 ጊጋባይቷም ዋጋ ወደ 199 ዶላር ወረደ።

ባትሪው እንዲቀየር ተብሎ የተሠራ በር የለም። እዚህ ላይ ግን የባለቤቶቹ ወሬ ይጣፍጣል፤ ቱቦዋን የሚያደንቅ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ከፍቶ ማየቱ አይቀርም። ነጮቹን ክዳኖች በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ በቀስታ ፈልቅቆ ያነሣል። ከአናቷ ሁለት ደቃቅ ብሎኖች በትንሽ ካቻቪቴ ይፈታሉ። ከእግሯ በኩል ጎብጣ የምትገጥም የቆርቆሮ ክሊፕ ትወጣለች። እዚያው ታች የመንኮራኩሩ ጥብጣብ ሽቦ ከቦርዱ መላቀቅ አለበት፤ መንኮራኩሩ ገላዋ ላይ ስለሚቀር ይህን የረሳ ሰው ሽቦውን ይበጥሰዋል። ከዚያ ከታች ገፋ ሲያደርጉት ስክሪኑ፣ ቦርዱ፣ ባትሪውና ዲስኩ አንድ ላይ ሆነው በአናቷ ተንሸራተው ይወጣሉ። ባትሪው በሶኬት የተሰካ ነው፤ አልተበየደም። ውስጧ ሲታይ ባዶ የቀረ ቦታ የለም፤ ግን የተጨናነቀም ነገር የለም።

ዲስኳ ለብቻዋ ወሬ ይገባታል። ማይክሮድራይቭ ትባላለች። አይ.ቢ.ኤም. በ1999 ያወጣት ናት፤ ሚኒዋ ስትሠራ ሥራው ወደ ሂታቺ ተዛውሮ ነበር። ውስጧ አንድ ኢንች የሚሆን ሰሌዳ በደቂቃ 3600 ጊዜ ይሽከረከራል። ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ ሁልጊዜ አትዞርም፤ ወደ 25 ደቂቃ የሚሆን ዘፈን ሜሞሪው ላይ ትጭንና ታርፋለች። የሚሮጥ ሰው ዘፈኑ ሳይቆራረጥበት የሚሰማው ለዚህ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ጆሮ ላይ ለጥፈው ቢይዟት ስትነቃ ትሰማለች።

ይህች ዲስክ የምትሰካው በፎቶግራፈኞች ካሜራ በሚታወቀው የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ መሰኪያ ነው። ባለቤቶቹ ይህን ሲያዩ ዲስኳን አውጥተው በቦታዋ ካርድ መሰካት ጀመሩ። ዛሬ 64 ወይም 128 ጊጋባይት ካርድ ገብቶባቸው የሚሠሩ ሚኒዎች አሉ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌላቸው ሲወድቁ አይፈሩም፤ ባትሪያቸውም ይበልጥ ይቆያል። በ2004 «ቦታዋ ትንሽ ነው» የተባለችው ማጫወቻ ከዚያ ዘመን ትልቁ አይፖድ በላይ ዘፈን ትይዛለች። ለዚህ አፕልን የማመሰግንበት ምክንያት ግን አይታየኝም። ገበያ ላይ የነበረውን ዲስክ እንደነበረ ገዝቶ አስገባ እንጂ ለባለቤቱ በር ልተው ብሎ አልነበረም።

ሚኒዋ በሴፕቴምበር 7 ቀን 2005 ምርቷ ቆመ። የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ተተኪዋን ናኖን ከጂንሱ ትንሿ ኪስ አውጥቶ ያሳየው በዚያ ቀን ነው። ናኖ 6.9 ሚሊሜትር ውፍረትና 42 ግራም ክብደት ነበራት፤ ያያት ሁሉ ተገረመ። ግን ፊቷ እንደገና ፕላስቲክ፣ ጀርባዋ እንደገና የሚያበራ ብረት ሆነ። ስክሪኗ ቶሎ ተጫጫረ፤ ባለቤቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ሜሞሪዋ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እንደ ሚኒዋ ካርድ ልሰካባት የሚል አይኖርም። በ2011 ደግሞ ባትሪዋ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል ተብሎ ኩባንያው ራሱ ከየባለቤቱ ሰበሰባት። በ2006 የወጣችው ሁለተኛዋ ናኖ ምን ለብሳ መጣች? በአኖዳይዚንግ ቀለም የገባለት አሉሚኒየም፣ ገላዋን ዙሪያውን የሚያቅፍ። ከባለቤቶቹ ወሬ ይልቅ ለሚኒዋ የበለጠ የመሰከረላት ይህ ይመስለኛል፤ የተካት ኩባንያ በዓመቱ ወደ ልብሷ ተመለሰ።

ከየመሳቢያው አንዷን ያገኘ ሰው ቻርጅ ከማድረጉ በፊት ስክሪኗና መንኮራኩሯ ወደ ላይ ገፋ ብለው እንደሆነ ይይ፤ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል። ልግዛ የሚል ደግሞ፣ የፈዛዛው ቀለም ካላሸነፈው በቀር፣ ለባትሪዋ ሲል ሁለተኛዋን ይምረጥ። ለመለየት አይቸግርም፤ ጀርባዋ ላይ 4 ወይም 6 ጊጋባይት የሚል ከታተመ ሁለተኛዋ ናት፤ የመጀመሪያዋ ጀርባ ላይ ይህ ቁጥር የለም።