«ጠለፋ»፣ «ደራሽነት» እና «ስጋት»፤ በኮምፒውተር ጥበቃ ሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የኮምፒውተርና የመረጃ ጥበቃ ሙያ ዛሬ በአብዛኛው የሚመሰከረው በፈተና ነው። ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱ ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ሴኩሪቲ ፕላስ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ቅጹ በ90 ደቂቃ ውስጥ እስከ 90 ጥያቄ ያቀርባል፤ ለማለፍም ከ900 ነጥብ 750 ማግኘት ግዴታ ነው። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። ይሁን እንጂ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የሚያጠና ተማሪ በእንግሊዝኛ ያነበበውን የሚያብላላው፣ በኋላም ለጤና ጣቢያ ሠራተኛና ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ የሚያስረዳው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ሦስት ቃላትን መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 «ሕገወጥ ደራሽነት»ንና «ሕገወጥ ጠለፋ»ን በአንቀጽ 3 እና 4 ለያይቶ ይደነግጋል። መለየቱን እንደግፋለን። በዜና ቋንቋ ግን ማናቸውም የኮምፒውተር ጥቃት «ጠለፋ» ይባላል። «ጠለፈ» የሚያልፈውን ነገር መንገድ ላይ ያዘ፣ አስቀረ የሚል ፍች ስላለው፣ አዋጁ ቃሉን በጉዞ ላይ ላለ መረጃ ብቻ መስጠቱ ትክክል ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዳባት የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከየቤቱ ሲመዘግብ የኖረ ነው። እንዲህ ካለ ጣቢያ ወደ ጎንደር የሚላክ መረጃ በመንገድ ቢያዝ ጠለፋ ነው፤ አንድ ሰው ያለፈቃድ ገብቶ ማኅደሩን ቢከፍት ግን ጠለፋ አይደለም፤ ሰርጎ መግባት ነው። የፊተኛው መከላከያ መልእክቱን ማመስጠር ሲሆን፣ የኋለኛው የገቢውን ማንነት እያረጋገጡ መፍቀድና መከልከል ነው። ስሙን ያደባለቀ መከላከያውንም ያደባልቃል፤ ተጎጂውም የቤቱን ሕመምና ሞት አምኖ ያስመዘገበ ባላገር ይሆናል።

«ደራሽነት» የሚለውን ስያሜ ግን አንቀበለውም። በሕዝቡ አነጋገር «ደራሽ» በችግር ጊዜ የሚረዳ ሰው ወይም ድንገተኛ ጎርፍ ነው፤ ወንጀለኛን አያስታውስም። ከዚህም በላይ አገልግሎት በተፈለገ ጊዜ መገኘቱን ከሚያመለክተው «ተደራሽነት» የሚለየው በአንድ «ተ» ብቻ ነው። ፈተናው ሁለቱን ፈጽሞ የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች አድርጎ ይጠይቃልና፣ ለመጀመሪያው «ያለፈቃድ መግባት» ቢባል ይሻላል።

የመጨረሻው «ስጋት» ነው። ይህ ቃል «ትሬት»ንም «ሪስክ»ንም ተክቶ ይሠራበታል። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያገኘው ቃጠሎ ልዩነቱን ለማስረዳት ያገለግላል። እሳቱ ጠንቅ ነው፤ የደረቀው ሣር ተጋላጭነት ነው፤ ሁለቱ ተገናኝተው ሊያደርሱ የሚችሉት ጥፋት ሲገመት ስጋት ይባላል። እሳት በሌለበት ሣሩ ብቻውን አይነድም፤ እርጥብ ሣርም በቀላሉ አይያያዝም። ስለዚህ «ጠንቅ» ለመጀመሪያው፣ «ስጋት» ለመጨረሻው ተለይተው ቢወሰኑ፣ የጤና ጠንቅ ማለትን የለመደ አንባቢ ያለችግር ይረዳቸዋል።

ፈተናውን በሽምደዳ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ምስክር ወረቀቱን የያዘው ባለሙያ የሚጠብቀው የሰው መረጃ ነውና፣ ቃላቱ ከነብያናቸው ተስተካክለው በአንድ መዝገብ እንዲወጡ እናሳስባለን። የተለየ አስተያየት ያላቸው ባለሙያዎችም ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡልን እንጋብዛለን።