መርዶ ነጋሪ የሌለው ሞት

በሐይቅና በአምባሰል አገር ሞት እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። ከሩቅ አገር የሞተ ሰው ወሬ ሲመጣ፣ አስቀድሞ የሰማው ሰው ወደ ሟቹ ቤት ሮጦ አይሄድም፤ ነገሩን ለሽማግሌዎች አድርሶ ዝም ይላል። ሽማግሌዎቹም ከቅርብ ዘመድ፣ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ፣ እንዲሁም ከቅሬው ሰዎች ጋር ይመክራሉ። ማን እንደሚናገር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነገር፣ በቤቱ ውስጥ ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር እንዳለችና እንደሌለች ሁሉ አስቀድሞ ይታሰባል። ብዙውን ጊዜ መርዶው የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ይኸውም ባለ ሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤቱ በደጅ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚደግፉት ሰዎች አጠገቡ ቆመው ሳሉ ነው። እናት ለአንድ ሌሊት ልጇ በሕይወት እንዳለ አድርጋ ትተኛለች፤ መንደሩ ሁሉ ግን ያውቃል። ይህን ዝምታ ማታለል ነው የሚል እንግዳ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ዝምታው የተጠበቀው እውነቱን ለመደበቅ ሳይሆን፣ እውነቱን የሚሸከም ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ ድረስ ነው።

ይህን ልማድ ያነሣሁት በአገራችን ስመ ጥር ሰው በሞተ ጊዜ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በፌስቡክ የሚታየውን ነገር ለመመርመር መለኪያ ይሆነኛል ብዬ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ትችት ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓ የተዋሰ ነው። ሕዝቡ ወሬ ወዳድ ሆኗል፣ ጋዜጠኞችም ትርፍ ፈላጊዎች ናቸው ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ይህ ስሕተት ነው አልልም፤ ስለ እኛ ግን ብዙ አያስረዳም።

በውጭ አገር በተማርሁበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው የጆፍሪ ጎረር ሐሳብ ነበር። ጎረር በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ በዘመኑ የምዕራብ ኅብረተ ሰብ የተፈጥሮ ሞት እንደ ነውር ተሸፍኖ ከዓይን ስለ ራቀ፣ በኃይል የሚመጣ ሞት በመጽሔትና በሲኒማ መጫወቻ ሆኖ ተመለሰ ሲል ተከራከረ። ለለንደን ወይም ለኒው ዮርክ ይህ ትርጓሜ ብርቱ ነው። ተዋናዩ ሩዶልፍ ቫለንቲኖ በ1926 እ.ኤ.አ. ሲሞት አስከሬኑ ያረፈበትን ቤት መስኮት እስከ መስበር ለደረሰው ሕዝብ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ስለ ሞተችው ስለ ልዕልት ዳያናም ለተደረገው ለቅሶ አንድ መክፈቻ ይሰጣል። ነገር ግን በሐይቅ ከተማ የሚኖር ሰው ከሞት ተደብቆ አያውቅም። በየሳምንቱ ለቅሶ ይደርሳል፤ አፈር ይመልሳል፤ ክርስቲያኑ በሙስሊሙ ሐዘን ቤት፣ ሙስሊሙም በክርስቲያኑ ሐዘን ቤት ይቀመጣል። እንግዲህ ሞት ያልተሸፈነበት ሕዝብ የማያውቀውን ዘፋኝ ሞት በስልኩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚከታተለው ስለ ምንድን ነው? ጎረር ለዚህ መልስ የለውም።

ወደ መልሱ የሚያቀርበን ማርሴል ሞስ ይመስለኛል። ሞስ በ1921 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ነባር ነዋሪዎችን የቀብር ሥርዓት መርምሮ፣ እንባ ከልብ ብቻ የሚወጣ ሳይሆን ኅብረተ ሰቡ በጊዜው የሚያዝዘው ግዴታም ነው ሲል ጽፏል። የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ሞስን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ለቅሶ ብድር መሆኑን ያውቃል። እኔ ላንተ ሐዘን ተቀምጫለሁ፣ አንተም ለእኔ ትቀመጣለህ። ያልመጣ ሰው ይቆጠራል፤ በቅሬውም ይቀጣል። ብድሩም ልክ አለው። በክርስቲያኑ ዘንድ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ሐዘኑ በደረጃ ይወርዳል፤ በሙስሊሙ ዘንድ ቀብሩ ፈጥኖ ይፈጸምና በዱዓና በሰደቃ ይሸኛል። በሁለቱም ወገን ሐዘንተኛው አሁን ተነሣ የሚባልበት ቀን አለ።

ስመ ጥር ሰው ሲሞት ይህ ሁሉ ይናጋል። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት ባረፈ ጊዜ፣ በየቤቱ የተለቀሰው ልቅሶ እውነተኛ ነበር። ብዙ ሰው በድምፁ አግብቷል፣ በድምፁ አገሩን ናፍቋል። ነገር ግን ያለቀሰው ሰው የጥላሁንን ቤተሰብ አያውቅም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ሰው የለውም፤ ብድሩን የሚከፍልበት ደጅ የለውም። የመንግሥት ሥርዓት ተደርጎለት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ፤ ቴሌቪዥኑም ለቀስተኛውን ሁሉ ተመልካች አደረገው። ተመልካች ደግሞ ተነሣ የሚለው ሽማግሌ ስለሌለ፣ የሚጠብቀው ተጨማሪ ሥዕል ብቻ ነው። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በመኪናው ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ የመኪናው ፎቶግራፍ ገና ከማለዳው በየስልኩ ይዞር ነበር። በዚያ ሰዓት መርዶ የተነገረውና ያልተነገረው ዘመድ ማን እንደ ነበረ የጠየቀ የለም።

ከዚህ በተቃራኒው መርዶን መያዝ የቤተ መንግሥት ልማድም እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። ዳግማዊ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም። በዚያን ጊዜ የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ ነገሩን በእጁ ይዞ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ክረምትም ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሕመም አገሩ ሁሉ ለሳምንታት ሲያወራ፣ መንግሥት በሕክምና ላይ ናቸው ይል ነበር፤ ሞታቸው የተነገረው ነሐሴ 15 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ቀብሩ ዕለት እስከ ነሐሴ 27 ድረስ ቴሌቪዥኑ ከለቅሶ በቀር ሌላ ነገር የሌለው መሰለ፤ ጥቂት ቀናት ቀድመው ያረፉት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንኳ በዚያ ውስጥ ተዋጡ። አንዳንዶች ይህን ከመርዶ ልማዳችን ጋር አንድ ያደርጉታል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የመንደር ሽማግሌ ዝም የሚለው ለሐዘንተኛው ሲል ነው፤ ቤተ መንግሥት ዝም የሚለው ለሥልጣኑ ሲል ነው። የመጀመሪያው ዝምታ ቢበዛ ጎሕ እስኪቀድ ነው፤ የሁለተኛውን ፍጻሜ የሚያውቅ የለም።

ለወሎ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ የ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። የማራቶኑ ጀግና ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ቀብሩን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት 65 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሸኘው ይነገራል። አበበ ሊለቀስለት የሚገባ ሰው ነበርና በዚህ ላይ ነቀፌታ የለኝም። ነገር ግን በዚያው ወቅት ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር በረኀብ የሞቱት ሰዎች መርዶ ነጋሪ አልነበራቸውም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው ተመልሰው ነበር፤ የአገሩ ራዲዮና ጋዜጣ ግን ነገሩን እንደሚገባው አልነገሩም። ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን፣ ማለት አበበ ከመሞቱ ከ7 ቀን በፊት ነበር። የሟቾቹን ቍጥር አንዳንዶች 40 ሺህ፣ ሌሎች እስከ 200 ሺህ ያደርሱታል። ግምቱ ይህን ያህል የሚራራቅ መሆኑ ራሱ ማንም እንዳልቈጠራቸው ይናገራል።

የነገሩ ምሬት በዚህ አያበቃም። ያ ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ሌሊት፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ሙታኑ በመጨረሻ መርዶ ተነገረላቸው ማለት ነው፤ ግን እንዴት ባለ ሁኔታ! ፊታቸው ታየ፣ ስማቸው አልተጠራም። በለቅሶ ቤት አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ከሁሉ አስቀድማ የምታደርገው ሟቹን በስም መጥራት፣ ከዚያም ወገኑንና ሥራውን ማንሣት ነው። የወሎ ሙታን ይህን አጡ። ስመ ጥሩ ሰው ስም አለው፣ የሚያውቀው አልቃሽ የለውም፤ እነርሱ የሚያውቃቸው መንደር ነበራቸው፣ ስማቸውን የሚሰማ አገር አልነበራቸውም። የመገናኛ ብዙኃን ለቅሶ ልኩን ማጣቱ በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ይታያል፤ በአንድ ወገን ማብዛቱና በሌላ ወገን መዘንጋቱ ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ናቸው። በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ በጥይት ሲገደልም ነገሩ ተደግሟል። አስከሬኑ በአዲስ አበባ ይቀበር ወይስ በአምቦ የሚለው ክርክር በቀጥታ ሥርጭት ሲከታተል የዋለው ሰው ብዙ ነው፤ በተከተለው ሁከት ከሞቱት ከ160 ከሚበልጡ ሰዎች ግን የጥቂቱን ስም እንኳ የሚያውቅ ስንት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል። የስመ ጥር ሰው ሞት ሕዝብን መሳቡ በቴሌቪዥን አልተጀመረም፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ራሱ ምስክር ነው ይባላል። እውነት ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ታላቅ የትምህርት ቦታ ካደረጉት በኋላ፣ ዝናቸው ከሞታቸው ጋር አላለቀም፤ መቃብራቸው ይከበራል፣ ገድላቸው ይነበባል፣ ኅዳር 26 በየዓመቱ በዓላቸው ነው። በገድል ሥነ ጽሑፍ የጻድቁ ዕረፍትና ኪዳን የመጽሐፉ ከፍታ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ለገዳማትም ከዚህ የሚገኝ ጥቅም እንደ ነበረ አልክድም። ይሁን እንጂ በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ የሰጡትን ወንጌል የተመለከተ ሰው፣ እርሳቸው በዚያ የሚታሰቡት በሰጡት ነገር እንጂ በሞታቸው አለመሆኑን ያያል። በዓሉም ቀን አለው፣ የሚያዘጋጀው ሰው አለው፣ የሚበላው ድኻ አለው። የዝክር ሥርዓት ስመ ጥሩን ሟች የማያውቁትን ሰዎች ሳይቀር ወደ ብድሩ ያስገባቸዋል፤ ቴሌቪዥኑ ያላገኘው ብልኀት ይህ ነው።

የጥንቱን ልማድ ከሚገባው በላይ ማሞገስም አልሻም። ፊትን መቧጨር፣ ደረትን መድቃት፣ ቤተሰብን ለዕዳ የሚዳርግ ተዝካር፣ ይህን ሁሉ ካህናትም ሼኾችም ሲነቅፉት ኖረዋል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። ልኩን ያለፈ ለቅሶ ከእኛም ዘንድ ነበረ፤ የሚገታው ሰው ግን አጠገቡ ነበር።

በሐይቅ ከተማ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ልጇ በዓረብ አገር የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ሌሊቱን መክረው ጎሕ ሲቀድ መጡ። የልጇ ፎቶግራፍ ግን ከሻማ ሥዕል ጋር፣ ልክ እንደ ታዋቂ ዘፋኝ ፎቶግራፍ ተደርጎ፣ ማታውኑ በፌስቡክ ተለጥፎ ኖሮ፣ የጎረቤት ልጅ አሳይቷታል። ሴቲቱ ሌሊቱን ብቻዋን ከርማ፣ በሩ ሲንኳኳ ከፈተችላቸው፤ አስቀመጠቻቸውም። ትልቁ ሽማግሌ ነገሩን በቀስታ ጀምረው እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ብላ ሰማቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ጮኸች። ማወቋን የነገረቻቸው በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰፈር ቅሬ ልማዱን አሻሽሏል። የሞት ወሬ ሲሰማ አሁን ጎሕን አይጠብቁም፤ በሰማነው ሰዓት፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን እንሄዳለን ብለው ተስማምተዋል። የጎረቤት ወጣቶችም እስከዚያ ምንም ነገር እንዳይለጥፉ ታዝዘዋል፤ ለተላለፈም እንደ ቀብር ቀሪ መቀጫ ተወስኖበታል።