ጨፍሮ መውረድ

መቼም የኅዳር 29ን በዓል በቴሌቪዥን ያላየ አይኖርም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበትን ዕለት ምክንያት አድርጎ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከበረውን የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ማለቴ ነው። ዐሥረኛው በ2008 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ሲከበር እኔም ቡናዬን ይዤ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥሁ።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ስሟ ሲነሣ ሙቀቷና ወባዋ ብቻ ትዝ የሚለን ጋምቤላ ያን ሁሉ እንግዳ ስትቀበል ማየት ደስ ይላል። ከበሮው ይመታል፤ ወጣቶቹ ሲዘሉ መሬት የምትመልሳቸው አይመስልም። እንዲህ ያለውን ጭፈራ የሚጠላ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ታዲያ ቅሬታህ ምኑ ላይ ነው? ብትሉኝ፣ አቀራረቡ ላይ ነው። አንዱ ሕዝብ ወጣ፣ ጨፈረ፣ ወረደ። ቀጣዩም ወጣ፣ ጨፈረ፣ ወረደ። አስተዋዋቂው ስም ይጠራል፤ ካሜራው ዶቃና ላባ ያሳየናል፤ አለቀ። ኑዌሩ ምን ብሎ እንደዘፈነ የነገረን የለም። የኑዌር ጎረምሳ የበሬውን ቀንድና ቀለም እያወደሰ እንደሚዘፍን፣ በበሬውም ስም እንደሚጠራ ቢነገረን ኖሮ፣ ነገሥታቱን "አባ ታጠቅ"፣ "አባ ዳኘው" እያለ በፈረስ ስማቸው ሲጠራ የኖረው የደጋ ሰው "ለካ ዘመዴ ነው!" ባለ ነበር።

ይኼ አሠራር የኢሕአዴግ ፈጠራም አልነበረም። በደርግ ዘመን ኪነት የሚባሉትን ቡድኖች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያው አንድ ቡድን ልብስ እየቀያየረ በአንድ ምሽት ጎጃምንም፣ ወላይታንም፣ ትግራይንም ያዳርስ ነበር። መንግሥት ተለወጠ፤ የመድረኩ ልማድ ግን ቀረ። በኋላ የተሻሻለው ባለቤቱ ራሱ መምጣቱ ነው። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ግን መጥቶም የተፈለገው እግሩ እንጂ አፉ አልነበረም።

አፉስ ቢፈለግ ምን ይናገር ነበር? ቀኑን ልብ በሉልኝ። ከኅዳር 29 በኋላ አራተኛው ቀን ታኅሣሥ 3 ነው። በ1996 ዓ.ም. ከዚያ ዕለት ጀምሮ በጋምቤላ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች መገደላቸውን፣ ከገዳዮቹም መካከል ወታደሮችና ከደጋ የመጡ ነዋሪዎች እንደነበሩ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ከበሮ ሲመታ 12ኛው ሙት ዓመት አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። እኔ ባየሁት ዝግጅት ስለዚያ አንድ ቃል አልሰማሁም። ከበዓሉም ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 2008 ዓ.ም.፣ በአኙዋክና በኑዌር መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው አለቀ።

ጭፈራው ግጭቱን አመጣው አላልሁም። አላስቀረውም ነው ያልሁት።

ይህንኑ የባሮ ዳር ልጅ ለሆነ አንድ ወዳጄ ባነሣበት፣ "ወንድሜ፣ ጎረቤቴ እኮ ጭፈራዬን ድሮም ያውቀዋል" አለኝ። "ልጅ ሆነን አብረን ስንዋኝ ነው ያየው። የማያውቀው ሌሊት ምን ብዬ እንደማለቅስ ነው።" ዝም አልሁ። ምን ይባላል?

በሉኦ ሕዝቦች ዘንድ እስከ ኡጋንዳ ድረስ የሚነገር አንድ ተረት አለ። አኙዋኮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። አንዱ ወንድም የሌላውን ጦር ተውሶ ዝሆን ይወጋበታል፤ ዝሆኑ ጦሩ እንደተሰካበት ይጠፋል። ባለጦሩ "ያንኑ ጦሬን እንጂ ሌላ አልቀበልም" ይላል። ያም ስንት ተንከራትቶ ያመጣለታል። ኋላ ደግሞ የባለጦሩ ልጅ የዚህኛውን ዶቃ ትውጥበታለች። እሱም በተራው "ያንኑ ዶቃዬን!" ይላል። የሕፃኗ ሆድ ይቀደዳል። ወንድማማቾቹም በዚያው ይለያያሉ።

ይህን አንድ ሽማግሌ መድረክ ላይ ቢተርከው፣ አንዱ ወደ ኑዌርኛ፣ ሌላው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ወደሆነው አማርኛ ቢመልሰው ምን ነበረበት? ከእኛስ መካከል "ያንኑ ጦሬን" ብሎ የማያውቅ ማን አለ? ከእሱ ቀጥሎ ኑዌሩ የራሱን፣ ማጃንጉ፣ ኦፖው፣ ኮሞው የየራሳቸውን ያውጉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በሰፈራ መኪና ተጭኖ የመጣውም ደገኛ የሚለው አለው።

"ቁስል መቀስቀስ ነው" የሚል አይጠፋም። ቁስሉ መቼ ተኛና! ዝም ባልነው ቁጥር የሚናገርለት ጠብመንጃ ሆነ እንጂ። እርግጥ ነው፣ ተረት ብቻውን ፍርድ ቤትን አይተካም፤ የሞተውንም አይመልስም። ነገር ግን የጎረቤቱን ሐዘን በጆሮው የሰማ ሰው፣ ነገ "እነ እገሌ እኮ" የሚል ወሬ ሲደርሰው ዘሎ ከመነሣቱ በፊት ትንሽ ያመነታል። ለሰው ሕይወት ደግሞ ያቺ ማመንታት ብዙ ናት።

ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ ጭፈራውን አትቀንሱብን። ከበሮው ሲያርፍ ግን ጨዋታው አለቀ ብላችሁ መብራቱን አታጥፉ። አንድ ወንበር አምጡና ሽማግሌውን አስቀምጡልን።