የፎለንቫይደር የሐይቅ ቀመር፤ ብርታቱና ጉድለቱ

የሐይቅ ውሃ በፍሳሽና በማዳበሪያ እንዴት እንደሚበላሽ በሒሳብ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ የሚገናኘው ከሪቻርድ ፎለንቫይደር ቀመር ጋራ ነው። ይህ የስዊስ ተወላጅ ሊቅ መሠረቱን በ1968 ባወጣው ዘገባ ጥሎ፣ በ1976 ቀመሩን አሻሽሎ አቀረበ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኛም ለሥራው የሚገባውን ምስጋና ሳንነፍግ፣ ቀመሩ ያለ ምርመራ በማንኛውም ሐይቅ ላይ እንዳይጫን ለማሳሰብ እንወዳለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር የሐይቅ ገጽ ልክ በዓመት የሚገባው ፎስፎረስ፣ በዚያው ዓመት በሐይቁ ለሚያልፈው የውሃ ከፍታ ይካፈላል። የተገኘው ቁጥር እንደ ገና ይካፈላል፤ አካፋዩም ውሃው በሐይቁ የሚቆይባቸው ዓመታት ካሬ ሥር ሲደመር አንድ ነው። የመጨረሻው ውጤት በውሃው ውስጥ የሚገኘውን ፎስፎረስ ይገምታል።

ፎስፎረስን ዋና ተጠያቂ ማድረጉ ትክክል ነው። በ1973 በካናዳ 226 ቁጥር የተባለው ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ ለሌላው ግን እነዚሁ ከፎስፎረስ ጋራ ተጨመሩ። በአልጌ አረንጓዴ የሆነው ፎስፎረስ ያገኘው ወገን ነበር። በሲያትል አጠገብ ወዳለው ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ይገባ የነበረው የከተሞች ፍሳሽም ከ1963 እስከ 1968 ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲመለስ፣ ውሃው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ።

ዳሩ ግን ቀመሩ ከሐይቁ ሥር የዘቀጠው ፎስፎረስ ሁሉ እዚያው እንደሚቀር አድርጎ ይቆጥራል። አማካይ ጥልቀቱ 33 ሜትር ያህል ለሆነው ለዋሽንግተን ሐይቅ ይህ አሳብ ሊስማማ ይችላል። 6 ሜትር ያህል ለሆነው በሚኒሶታ ለሚገኘው ለሻጋዋ ሐይቅ ግን አልተስማማም። በ1973 የኢሊ ከተማ ፍሳሽ ፎስፎረሱ እየተጣራ መውጣት ጀመረ፤ የሐይቁም ውሃ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ስለሚታደስ ቶሎ ይጠራል ተብሎ ተስፋ ነበር። ይሁን እንጂ በሞቃቱ ወራት ደለሉ ለብዙ ዘመን ያከማቸውን ፎስፎረስ እየመለሰ ይለቅ ስለ ነበር፣ ሐይቁ በታሰበው ፍጥነት አላገገመም።

የዚህ ስሕተት ጉዳት ከወረቀት ያልፋል። ቀመሩን አምኖ ሕዝቡን «በሁለት ዓመት ይጠራል» ያለ ሹም፣ ቀኑ ደርሶ ውሃው ሳይጠራ ሲቀር ያፍራል፤ ትክክለኛውንም መድኃኒት እንደማይረባ ቆጥሮ ይተወዋል። ማጣሪያው ግን ጥፋት አልነበረበትም፤ የተሳሳተው የጊዜው ግምት ነበር።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በጣና ላይ እንቦጭ በ2011 ከታየ ወዲህ ስለ ሐይቁ የሚሠሩ ስሌቶች ተፈላጊነት ጨምሯል። ጣና አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር በታች ነው፤ ነፋስ ውሃውን እስከ ወለሉ ሊያናውጠው ይችላል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት አፈርም ፎስፎረስ ተሸክሞ ይገባል፤ ውሃውን አደፍርሶም ለአልጌ የሚያስፈልገውን ብርሃን ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ሐይቅ የፎስፎረሱ ቁጥር ብቻውን የውሃውን ጠባይ አይናገርም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቀመሩ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባውም። ለጣና ቁጥር ለማውጣት የሚነሣ ሁሉ የወንዞቹን ውሃ እንደሚለካ፣ ከወለሉም ደለል እያወጣ ምን ያህል ፎስፎረስ እንደሚለቅ ይለካ። ያን ጊዜ ለዓሣ አስጋሪውና ለባላገሩ የሚሰጠው ተስፋ የሚታመን ይሆናል።